ሥራ ለሚያሳድር ሰው ከተግሣጽ ይልቅ ዘዴ ስጡት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ግንቦት ሲጋመስ ድሬዳዋ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው እንቅልፍ ያጣል። አንዱ የመመረቂያ ጥናቱን የሚያስረክብበት ቀን የደረሰበት ተማሪ ነው። ሌላው የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሊዘጋ፣ የዓመት ደረሰኙ በፌስታል ታጭቆ ከባንኮኒ ሥር የተቀመጠበት ነጋዴ ነው። ሁለቱም ምን መሥራት እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ ጊዜም ነበራቸው። በዚህ ሰሞን ከቤተሰብም ከሬዲዮም ከጋዜጣም የሚደርሳቸው ምክር ግን አንድ ነው፤ «ስንፍናችሁን ተዉ፣ ቆራጥ ሁኑ» ይባላሉ። እኛ ተማሪዎችንና ሠራተኞችን በዚሁ ሥራን ከዛሬ ወደ ነገ በማሳደር ጉዳይ የምናማክር ባለሙያዎች ነን። ይህ ምክር ለምን እንደማይሠራና በምትኩ ምን እንደሚበጅ ለአንባቢዎቻችሁ እንድታደርሱልን ጽፈናል።

ሥራ የሚያሳድር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት አይደለም። ጥናቱን መክፈት ያቃተው ልጅ በዚያው ጠዋት ቤት ያጸዳል፣ የጎረቤት ስልክ ይጠግናል፣ ተልኮ ቀፊራ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ጉልበቱ አለ። የሚሸሸው አንዱን ሥራ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን የሚሸሸው ሥራው ይዞት በሚመጣው ስሜት ምክንያት ነው። ፋይሉን ሊከፍት ሲል ደረቱ ይከብደዋል፣ «አማካሪዬ ምን ይለኛል» ብሎ ይፈራል፣ ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። «አቦ ነገ እሠራዋለሁ» ሲል ያ ሁሉ ወዲያው ቀለል ይልለታል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ እፎይታ ነው። እፎይታው እጅ በእጅ የሚከፈል ዋጋ ስለሆነ አእምሮ ሽሽቱን ይለምደዋል፤ በማግስቱ ያው ፋይል ከትናንቱ ብሶ ይከብዳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒቺል በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሥራ ማሳደር ከጊዜ አጠቃቀም ይልቅ ከስሜት አያያዝ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረድተዋል። ፒርስ ስቲል ደግሞ በ2007 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመረምር፣ ከማሳደር ጋር ጎልተው የተያያዙት የሥራው አስጠሊነት፣ የቀነ ገደቡ መራቅ፣ በራስ ችሎታ አለመተማመንና በሌላ ነገር ቶሎ መሳብ ሆነው ተገኝተዋል። ስድብና ቁጣ ከእነዚህ አንዱንም አያቃልሉም። እንዲያውም በሥራው ላይ ሌላ መጥፎ ስሜት ይጨምሩበታል፤ ልጁም ከዚያው የባሰ ይሸሻል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚለየው ስሜቱ ነው። ወረቀት ላይ የሥራውን ስም ይጻፉ፤ ከጎኑ «ይህን ሳስብ…» ብለው ቀድሞ የመጣልዎትን ቃል ያስፍሩ። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። የመጣው ቃል «ግራ ይገባኛል» ከሆነ የጎደለው መረጃ ነው፤ መፍትሔው ለአንድ ሰው ደውሎ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ ለሥራው መቀመጥ ከዚያ በኋላ ይመጣል። «ይሰለቸኛል» ከሆነ ሥራውን አጭርና መጨረሻው የታወቀ ማድረግ፣ ሐሳብ የማይጠይቅ ከሆነም ከሬዲዮ ጋር ማስኬድ ይረዳል። «ያናድደኛል» የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሥራው ሌላ ሰው የጫነብን ሲሆን ነው፤ እዚህ ላይ ከዚያ ሰው ጋር ምን ያህል እንደሚበቃ መነጋገር ይቀድማል። «እፈራለሁ» ከሆነ ግን ለራስ የመጥፎ ረቂቅ ፈቃድ መስጠት ያስፈልጋል። ፋይሉን «ለማንም የማይታይ» ብሎ ሰይሞ፣ ሆሄም ሆነ ምንጭ ሳይጨነቁ መጻፍ፣ እርማቱን ለሌላ ቀን መተው። እንደምናየው «ሰለቸኝ» ከሚሉት ተማሪዎች ብዙዎቹ ፈርተው ነው። ለማጣራት «ማንም የማያየው ቢሆን ትጽፈው ነበር?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ ጉዳዩ ፍርሃት ነው።

ቀጥሎ የሥራው አጻጻፍ ይለወጣል። «ጥናቴን መጨረስ»፣ «ሒሳብ ማስተካከል» የሚሉት የሥራ ስሞች እንጂ የሚሠሩ ነገሮች አይደሉም። መለኪያው ቀላል ነው፤ አንድ ሰው አጠገብዎ ቆሞ ቢያይ «አሁን ጀመረ» ብሎ ሊናገር የሚችልበት ድርጊት መሆን አለበት። «ምዕራፍ 2ን ከፍቼ ከመጀመሪያው ንዑስ ርዕስ ሥር 3 ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ» ይታያል። «ስለ ምዕራፍ 2 አስባለሁ» አይታይም።

የነጋዴውን ፌስታል ወስደን እንይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ስለሆነ። በመጀመሪያው ቀን የሚሠራው ደረሰኙን በሙሉ ምንጣፍ ላይ ዘርግፎ 20 ደቂቃ ብቻ መለየት ነው። ሽያጭ በአንድ ወገን፣ የዕቃ ግዢ በአንድ ወገን፣ ወጪ (ኪራይ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ትራንስፖርት) በአንድ ወገን። በዚህ ቀን የብሩ መጠን አይነበብም፣ አይደመርም። አራተኛ ክምር የግድ ያስፈልጋል፤ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ሁሉ እዚያ ይገባል። ይህ አራተኛ ክምር ሲረሳ ሥራው ይበላሻል። ሰውየው አንዷን ደብዛዛ ወረቀት ያነሳና «ይቺ የማን ነበረች?» ብሎ ለአቅራቢው ይደውላል፤ ወሬው ይረዝማል፣ 20ው ደቂቃ ያልቃል፣ ክምሩ እንዳለ ወደ ፌስታሉ ይመለሳል። በሁለተኛው ቀን 12 ፖስታ ይዘጋጃል፣ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ወሩ ይጻፍበታል፣ ሽያጩ፣ ግዢውና ወጪው ወር በወር ይገባል። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በአንድ መቀመጫ አንድ ፖስታ ብቻ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። አንድ ተጨማሪ ነገር፤ የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ሙቀት የሚነካው ወረቀት ስለሆነ በድሬ ሙቀት፣ በተለይ ቆርቆሮ ሥር ከተቀመጠ፣ ጽሑፉ ይጠፋል። እየለዩ በስልክ ፎቶ ማንሳት ወይም ኮፒ ማድረግ ይገባል። ይህ ለማሳደር ከሚከፈሉት ዋጋዎች ሰው የማያስበው ነው።

ድርጊቱ ከታወቀ በኋላ ከሰዓትና ከቦታ ጋር ይታሰራል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልቪትዘር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያጠናው «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚለው አጭር ዕቅድ ከምናውቃቸው ዘዴዎች ሁሉ በጥናት በደንብ የተደገፈ ነው። በ1997 በታተመ ሙከራ ተማሪዎች የገና ዋዜማን እንዴት እንዳሳለፉ በ48 ሰዓት ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። መቼና የት እንደሚጽፉ አስቀድመው ከወሰኑት ከአራቱ ሦስቱ ገደማ በሰዓቱ አደረሱ፤ ካልወሰኑት ከሦስቱ አንዱ ገደማ ብቻ ነበር ያደረሰው። ጎልቪትዘርና ፓስካል ሺራን በ2006 ዓመት 94 ጥናቶችን ሲያነጻጽሩም ጥቅሙ ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ መሆኑን አገኙ።

ዋናው ቁም ነገር ምልክቱን መምረጥ ነው። ምልክቱ በየቀኑ የሚመጣ፣ ጊዜው የማይዋዥቅ፣ በዓይን የሚታይ መሆን አለበት። «ከሱብሂ ሰላት በኋላ መስገጃዬን አጥፌ ሳስቀምጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ምዕራፍ 2ን እከፍታለሁ» ጥሩ ዕቅድ ነው። «ከኪዳን መልስ ነጠላዬን ስሰቅል»፣ «ሱቁን ከፍቼ ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ስከት» የሚሉትም እንዲሁ። «መብራት ሲመጣ»፣ «ሙቀቱ በረድ ሲል»፣ «ሲመቸኝ» ግን ምልክት አይሆኑም፤ መቼ እንደሚመጡ አይታወቅም፣ ሲመጡም አይታወቁም። ቡናን ምልክት ማድረግ የሚወድ ሰው ብዙ ነው። ከአቦል በኋላ ስኒው ሲቀመጥ ካሉ ይሠራል፤ «ከቡና በኋላ» ካሉ ግን ቡናው እስከ በረካ ይሄዳል፣ ወሬውም አብሮት። ሌላው ስህተት ዕቅድ ማብዛት ነው። ለአንድ ሳምንት አንድ ዕቅድ ብቻ ይያዝ። ይህ ሲለምድ ለእንቅፋቱም ሌላ «ሲሆን» ይጨመራል፤ «ጓደኛዬ ሲደውል፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ እደውልልሃለሁ ብዬ እዘጋለሁ» ማለት ነው። እንቅፋቱን አስቀድሞ ያሰበ ሰው በሚመጣበት ሰዓት ሌላ ውሳኔ አይጠበቅበትም።

ስለ ሰዓት ካነሳን፣ በድሬዳዋ ከባዱን ሥራ ለከሰዓት መመደብ ሥራውን ከወዲሁ መተው ነው ማለት ይቻላል። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ይዘላል፤ ብዙ ሱቅ በቀትር የሚዘጋው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ለመጻፍ፣ ለማስላትና ለማጥናት ይሁን። ቀትሩ ለዕረፍት፣ አመሻሹ ለማተም፣ ለመደወልና ወረቀት ለማስተካከል ይበቃል። ሐረር ያለ አንባቢ አየሩ ስለሚቀዘቅዝለት ከሰዓቱን ሊጠቀምበት ይችላል፤ ቀጥሎ የምናነሳው ግን ሁለቱንም ከተማ እኩል ይመለከታል።

ይህም የበርጫ ጉዳይ ነው። ጫት ስለ መቃምና ስለ መተው እዚህ አንሰብክም፤ ስለ ሥራ ማሳደር እየጻፍን ዝም ብለን ብናልፈው ግን አንባቢን ማታለል ይሆናል። በምርቃና ሰዓት ሐሳብ ይፈስሳል፣ ሁሉም ነገር የሚቻል ይመስላል። ጥናቱም፣ ሱቁን ማስፋቱም፣ አዲሱ ፕሮጀክትም በአንድ ቁጭታ ይታቀዳል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ስለሆነ መተማመኑ በሰዓቱ እውነተኛ ሆኖ ይሰማል። ሆኖም ዕቅዱ ራሱ የመሥራትን ያህል ደስታ ስለሚሰጥ በማግስቱ ለመሥራት የሚገፋ ነገር አይቀርም፤ ሌሊቱም ያለ እንቅልፍ ያልፋል፤ ጠዋት ላይ ድባቴና ድካም ይጫናል። ያ ጠዋት ደግሞ ከላይ ያልነው ምርጥ የሥራ ሰዓት ነው። ከዚያ «ለበርጫ ስቀመጥ እሠራዋለሁ» ይመጣል፣ ይኸው ዙር እንደገና ይጀመራል።

የሚቅም ሰው ቢያንስ ሦስት ነገር ያድርግ። ከበርጫው ከመነሳቱ በፊት የታቀደውን ሁሉ ትቶ አንዲት መስመር ብቻ ይጻፍ፤ የነገ ድርጊት፣ ሰዓት፣ ቦታ። ወረቀቱን ጫማው ውስጥ ወይም ከቁልፉ ጋር ያስቀምጥ፤ ስልክ ላይ የተጻፈ ይረሳል። ሁለተኛ፣ የቀኑ የመጀመሪያ 25 ደቂቃ ከጫቱ በፊት ይሠራ። ሦስተኛ፣ ጫቱን የሥራ መጀመሪያ ምልክት አያድርግ። ሥራና ጫት አንዴ ከተያያዙ ጫት በሌለበት ቀን እጅ አይፈታም፣ ሐራራው ራሱ ሌላ የማሳደሪያ ምክንያት ይሆናል። ያለ ጫት ምንም መሥራት ያልቻለ ወይም እንቅልፉ ጨርሶ የተበላሸበት ሰው ከእነዚህ ዘዴዎች አልፎ የጤና ባለሙያ ቢያማክር ይሻለዋል።

25 ደቂቃ ያልነው በዘፈቀደ አይደለም። ጣልያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ የሠራበት ልክ ነው፤ 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት፣ ከአራት ዙር በኋላ ረዘም ያለ ዕረፍት። ቁጥሩ ራሱ ምትሃት የለውም። በጣም የከበደበት ሰው በ5 ደቂቃ ይጀምር፤ 5ቱ ሲያልቅ የማቆም መብቱ የእውነት ይሁን። ራስን አታሎ «5 ብዬ 2 ሰዓት እሠራለሁ» ካሉ አእምሮ በሚቀጥለው ቀን አያምንም። በተግባር የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕረፍቱ ነው። በ5 ደቂቃ ዕረፍት ቲክቶክ ወይም ቴሌግራም የከፈተ ሰው አይመለስም፤ ማለቂያ የሌለው ነገር ስለከፈተ ነው። ዕረፍቱ ቆሞ ይሁን፤ ፊት መታጠብ፣ ውሃ መጠጣት፣ በረንዳ መውጣት። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን ወይም ለእህት ለወንድም ይሰጥ፤ ሰዓት ለመቁጠር ተራ የእጅ ሰዓት ይበቃል። ሲያቆሙ ደግሞ በንጹህ መዝጊያ ላይ አያቁሙ። «ቀጥሎ የሠንጠረዥ 3ን ትርጉም እጽፋለሁ» ብለው አንድ መስመር ከሥሩ ትተው ይነሱ። ማሲካምፖና ባውማይስተር በ2011 እንዳሳዩት፣ ላልተጨረሰ ሥራ ቁርጥ ያለ ቀጣይ እርምጃ ሲጻፍለት ሐሳቡ በሌላ ሥራ መሐል እየገባ መረበሹን ይቀንሳል። በማግስቱም ከባዶ ገጽ አይጀመርም።

ጊዜ ስንገምት ሁላችንም እንሳሳታለን። ሮጀር ቢውለርና ባልደረቦቹ በ1994 ባሳተሙት ጥናት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎች በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን አሉ፤ የፈጀባቸው ግን 55 ቀን ተኩል ነው። ሁሉም ነገር ቢበላሽ እንኳ ያሉት ግምት ወደ 49 ቀን ነበር፤ እሱንም አለፉት። ስለዚህ የመጀመሪያ ግምትዎን በአንድ ተኩል ያባዙ፤ መብራትና ኢንተርኔት የሚፈልግ ሥራ ከሆነ በሁለት። አንድ የመጨረሻ ቀን ብቻ መያዝም አይበጅም። ዳን አሪየሊና ክላውስ ቬርተንብሮክ በ2002 ባሳተሙት ጥናት ሦስት ጽሑፎችን በሦስት ሳምንት እንዲያርሙ ከተቀጠሩ ሰዎች መካከል ሳምንት በሳምንት የማስረከቢያ ቀን የተሰጣቸው፣ በመጨረሻው ቀን ብቻ እንዲያስረክቡ ከተነገራቸው ይልቅ ብዙ ስህተት አገኙ፣ የዘገዩበትም ቀን ያነሰ ነበር። ቀኑን ራሳቸው የመረጡት በመሐል ላይ ወደቁ። በየኮሌጁ ያላችሁ አማካሪዎች ይህን ብታስቡበት መልካም ነው። «ስትጨርስ አምጣ» ማለት ለተማሪው ነፃነት መስጠት ይመስላል፤ በየሐሙሱ 4 ገጽ መቀበል ግን የበለጠ ይረዳዋል።

ቀኑ አልፎ ሥራው ሳይሠራ ሲቀርስ? ማይክል ዎል፣ ፒቺልና ሻነን ቤኔት በ2010 በካናዳ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ተከታትለዋል። ለመጀመሪያው ፈተና ማጥናትን ካሳደሩት መካከል ራሳቸውን ይቅር ያሉት ለሁለተኛው ፈተና ያሳደሩት ያነሰ ነበር። ይቅርታው ግን ባዶ ማባበያ አይሁን። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ምን እንዳሳደርኩ፣ ማንን ምን እንደጎዳ፣ አሁን በየትኛው 25 ደቂቃ እንደምቀጥል። ሁለተኛውን ዘልሎ ወደ ሦስተኛው የሚሮጥ ሰው ራሱን ይቅር አላለም፤ ሸፍኖ ነው ያለፈው፤ በማግስቱ ይታያል።

ቤተሰብም እዚህ ላይ ድርሻ አለው። እናት ልጇን በየምሽቱ «ጨረስክ ወይ?» ብላ ስትጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ «አልጨረስኩም» ነው፤ ልጁ በየቀኑ አንድ ጊዜ ይሸነፋል። «ነገ ጠዋት የትኛውን ነው የምትከፍተው? በስንት ሰዓት ልቀስቅስህ?» ብትለው ግን ድርጊቱንና ሰዓቱን ራሱ በአፉ ይናገራል። ሱቅ ያለው አባትም ልጆቹ ፊት «ይሄ ሰነፍ» ከማለት ይልቅ ፌስታሉን ይዞ «ና፣ 20 ደቂቃ አብረን እንለይ» ቢል ይሻላል። አብሮ መቀመጥ ራሱ ይሠራል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ እያንዳንዱ የራሱን ሲሠራ ተነስቶ መሄድ ይከብዳል።

እነዚህ ሁሉ ዘዴዎች የማይረዱበት ሁኔታም አለ። አንድ ሰው ሥራውን ብቻ ሳይሆን የሚወደውንም ነገር ትቶ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ሳያስደስተው፣ እንቅልፉና ምግቡ ተዛብቶ ከቆየ የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል። ከልጅነቱ ጀምሮ በትምህርት ቤትም በቤትም አንድ ነገር ላይ መቆየት የማይችል ሰው ደግሞ ትኩረት ከማድረግ ጋር የተያያዘ ችግር ይኖርበት ይሆናል። የደም ማነስና የእንቅልፍ እጦትም ሰውን «ሰነፍ» ያስመስላሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ወረቀትና ሰዓት ይዞ መታገል አያስፈልግም፤ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፣ የሚያውቀው ሰውም አብሮት ይሂድ።

ከአክብሮት ጋር
የሥነ ልቦና ምክር ባለሙያዎች
ድሬዳዋ